ድርሳነ ቅብ፦ ሠራዊተ ጭራቅን በአንድ ቅዳሜ ስለ መቀባት

መቅድም

ድርሳን የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ማንነቱን መግለጥ ወግ ነውና እነሆ፤ እኔ በጋሞ ምድር የካምባ ሰው ነኝ። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ወዲህ፣ የአርባ ምንጭን ሙቀት ትቶ ተራራውን ለተሻገረ እንሰት ከጓሮው የማይጠፋ አገር ነው። በሥዕል የተቀበልኩት ማዕረግ የለም። ነገር ግን አንድ ሙሉ ሠራዊት፣ ስድሳ ነፍስ፣ በገዛ እጄ ቀብቻለሁ፤ ይህን አደረግሁ የሚል ሌላ ሊቅ በወረዳችን ካለ ይነሣና ይናገር። እስካሁን የተነሣ የለም። የተነሡትም ስቀው ተቀምጠዋል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ለንደን የምትኖር ዘመዳችን ባለፈው ገና ስትመጣ ለእህቴ ልጅ አንድ ካርቶን ይዛለት መጣች። ካርቶኑ ሲከፈት ሃያ የፕላስቲክ ጭራቆች ወጡ። እያንዳንዱ ከአውራ ጣቴ የላይኛው አንጓ አይበልጥም፤ ጥርሱ የገጠጠ፣ መጥረቢያ የጨበጠ፣ መልኩ ከእግር እስከ ራሱ አመድ። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። «አጎቴ፣ እነዚህ የሚዋጉት ተቀብተው ነው» አለኝ።

«ሳይቀቡ ቢዋጉስ?»

«ነውር ነው።»

ነውር በቤታችን ገብቶ አያውቅም። ብሩሽ አነሣሁ።

ሐተታ፦ ስለ ጨዋታው ጥንተ ነገር

ምሁራዊ ሥርዓቱ እንዲጠበቅ ከሥሩ እንጀምር። ፕሩሲያዊው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 የመኮንኖች መሠልጠኛ የሚሆን የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ደንብ አሳተመ። በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በአሻንጉሊት ወታደር ስለ መዋጋት አንድ መጽሐፍ ሙሉ ጻፈ። በ1975 የተመሠረተው የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ደግሞ በ1983 ዋርሃመር የተባለውን ጨዋታ አወጣና ናፖሊዮንን በጭራቅ፣ ፈረሰኛውን በዘንዶ ተካው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ቁጥር ስፍር የሌለው ጎልማሳ ማታ ማታ መብራት ስር አጎንብሶ የጭራቅ ጥርስ ሲቀባ ያመሻል።

በዚህ የዘር ሐረግ ውስጥ የእኛ ስም አለመጠራቱ ግፍ ነው። የእኛ መኳንንት ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ወረራ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው፤ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ እጁ እንደ ፈጠነ ጦሩን ያሰልፋል። ፕሩሲያዊው ደንብ ገልጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ የእኛ ሰው ደርሶበት ነበር። ፍጥነት በደማችን ነው ማለቴ ነው፤ በቅቡ ጉዳይ ይህ ማስረጃ ይሆነኛል።

ምዕራፍ ቀዳሚ፦ ስለ መጀመሪያው ጭራቅ ውድቀት

የመጀመሪያውን ጭራቅ ከምሳ በኋላ ጀመርኩት። ቀበቶውን ቡኒ ቀባሁ። የቀበቶውን ዘለበት ቢጫ ቀባሁ። ቢጫው ወደ ሆዱ ሾለከ፤ ሆዱን እንደገና አረንጓዴ ቀባሁ። አረንጓዴው ወደ ዘለበቱ ሾለከ። እህቴ የማታ ቡና አፍልታ ስትጠራኝ ጭራቁ አንድ ቀበቶና አንድ ጉልበት ነበረው፤ ሌላው ገና አመድ ነው።

ተቀምጬ አሰላሁ። አንዱ አንድ ቅዳሜ ከወሰደ ሃያው ሃያ ቅዳሜ ነው፤ ፋሲካ ያልፋል፣ ግንቦት ይገባደዳል። ይህም ጠላት የሌለው ሠራዊት ነው፤ ልጁ ደግሞ የሚገጥሟቸው አርባ ሰዎች ከጭቃ እንደሚሠራ አስታውቋል። በዚህ አካሄድ ጦርነቱ የሚጀመረው ልጁ ሚስት ሲያገባ ነው።

ያን ሌሊት፣ ከሦስተኛው ስኒ በኋላ፣ የዚህ ድርሳን ዋና ትምህርት ተገለጠልኝ፦ ወታደር አይቀባም፤ የሚቀባው ሠራዊት ነው። ምነው ቢሉ፣ ተመልካች ጠረጴዛ ዳር ቆሞ የሚያየው ስድሳውን ባንድ ነው። ዘለበቱን የሚያየው የቀባው ሰው ብቻ ነው። አንድም፣ ዘለበቱ ቢበላሽ የሚያዝነው የቀባው ሰው ብቻ ነው።

ምዕራፍ ካልእ፦ ዐድዋን የሣሉ አባቶቻችን ፈጣኖች ስለ መሆናቸው

ይህን ትምህርት ከባሕር ማዶ የተማርኩ እንዳይመስል ማስረጃዬን ከቤት አመጣለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ አይገኝም፤ ሆቴል ግድግዳ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሙዚየም፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሳይቀር። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፤ በአብዛኛው በግራ በኩል ዐፄ ምኒልክ ከነዘውዳቸው በጃንጥላ ሥር፣ ከወደ ታች እቴጌ ጣይቱ፣ አንዳንዴም ሽጉጥ ጨብጠው፤ በቀኝ ጣልያን። መሐል ላይ ጭስ።

አሁን፣ አንባቢ ሆይ፣ ንጉሡን ተውና ወታደሩን ቁጠር። ፊት ያለው ረድፍ ሙሉ ሰው ነው፤ እግር አለው፣ ጋሻ አለው። ከኋላው ያለው ረድፍ ራስና ትከሻ ነው። ከዚያ ኋላ ግንባርና ፀጉር። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ራሱ ቀርቶ የጠመንጃው አፈሙዝና የጦሩ ጫፍ ብቻ ሰማዩን ይወጋል። እኛ ግን እልፍ ሰው አየን ብለን እንምላለን! ሠዓሊው አንድ ረድፍ ሠርቶ አራት ረድፍ አስከፍሎናል። የዋርሃመር ሰዎች ዛሬ «የፊቱን ረድፍ አሳምር፣ የኋላውን ቶሎ ጨርስ» እያሉ እንደ አዲስ ግኝት ሲመካከሩ ስሰማ በትዕግሥት ፈገግ እላለሁ።

የአሠራሩ ቅደም ተከተልም ለፍጥነት የተበጀ ነው። በስስ መስመር ይነደፋል፤ ከዚያ ቀዩ ባለበት ሁሉ ቀይ፣ ቢጫው ባለበት ሁሉ ቢጫ፣ ጥላና ብርሃን ሳይባል ጥፍጥፍ ተደርጎ ይሞላል፤ በመጨረሻ ጥቁር መስመር ዞሮ ሁሉን ያስራል። የተንዛዛው ጠርዝ፣ የሾለከው ቀለም፣ ሁሉም በዚያ ጥቁር መስመር ሥር ይቀበራል። አዲስ አበባ ላይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነ በላቸው ይመር ለውጭ አገር ሰው ጭምር የሚሸጥ ሥዕል ሲሠሩ፣ ዐድዋንና ንግሥተ ሳባን ደጋግሞ መሣል እንጀራ ሆነ። የሳባ ታሪክ በብዙ ሸራ ላይ 44 ክፍል ሆኖ ይሣላል። አርባ አራት ጊዜ ሰው የሚሥል ሠዓሊ በእያንዳንዱ ዘለበት ላይ ቢያመሽ ቤተሰቡ ምን ይበላ ነበር?

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዓይን ጉዳይ ነው። የባሕር ማዶ ፈጣን ቀቢዎች «ዓይን አትቀባ፤ ከክንድ ርቀት ጥላው ይበቃል» ይላሉ። ይህ ክህደት ነው። በእኛ ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ጠላት፣ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጣልያን በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ሊቃውንት ይህን በምሥጢር ይተረጉሙታል። እኔ በሒሳብ ተረጎምኩት። አርባ ሰው በሁለት ዓይን ሰማንያ ነጥብ ነው። ሃያ ጭራቅ፣ ርኩስ ነውና፣ በአንድ ዓይን ሃያ ነጥብ። ድምሩ መቶ። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው መቶ ሃያ ይነጥባል። የሃያ ነጥብ ትርፍ!

ይህን ለልጁ ሳስረዳ አንዱን ጭራቅ አንሥቶ በጣቱ አዞረው። «በዚህ በኩል ያየ ሰውስ?» አለ።

በሥዕልና በቅርጽ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ክርክር ያለበት ነው፤ በሌላ ድርሳን እመለስበታለሁ።

ምዕራፍ ሣልስ፦ ስለ አቦል፣ ቶናና በረካ

ወደ ተግባር እንውረድ። ጭራቆቹን መጀመሪያ በሳሙና አጥቤ (ከፋብሪካ ሲወጡ ቅባት አለባቸው፤ ቀለም ይተፋሉ) በአንድ ጣውላ ላይ በኮላ ደረደርኳቸውና መኪና ወደሚቀባ ሰው ወሰድኳቸው። ጥቁር የጣሳ ስፕሬይ ከዙሪያ ነፋባቸው፤ ከደረቀ በኋላ ከአናት ብቻ ነጭ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ስትመታ ትከሻ እንደሚያበራ፣ ብብት እንደሚጨልም፣ እንዲሁ ሆኑ። ሥራው ሻይ እስኪጠጣ ነው ያለቀው። ሰውየው ጣውላውን ሲመልስልኝ «የምን መለዋወጫ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ በላይ በውኃ የቀጠነ አረንጓዴ ለሃያውም ባንድ ጊዜ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የመጨረሻው ሲቀባ የመጀመሪያው ደርቋል። ቀጥሎ ቡኒ ለሃያውም ቀበቶ። ብሩሽ የሚታጠበው ቀለም ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ሰዎች ጊዜያቸውን የሚያባክኑት በማጠብ ነው።

ለማጠቢያ ሁለት ኩባያ አስቀመጥኩ። አንዱ ቆሻሻው የሚራገፍበት ነው፤ ስሙን አባያ አልኩት፣ እንደ ሐይቁ ቡናማ ድፍርስ ነውና። ሁለተኛው የጠራው፣ ጫሞ። ሦስተኛ ኩባያ ላይ ሻይ ነበረኝ፤ ስም ግን አላወጣሁለትም ነበር። የዚህ ቸልተኝነት ውጤት ከአባያ አንድ ጥሩ ጉንጭ መጎንጨቴ ነው።

አሁን የጥበቡ እምብርት ደረሰ። ቀለም ጥፍጥፍ ብሎ ሲቀመጥ ጭራቁ አሻንጉሊት ይመስላል፤ ሥጋ እንዲመስል ስርጉዱ መጨለም፣ ጉብታው መብራት አለበት። ለስርጉዱ የሚሆነው ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ነው፤ ከላይ ሲፈስ ከጉብታው ይሸሽና በጡንቻው መሐል፣ በጥርሱ ሥር፣ በጨርቁ እጥፋት ይተኛል። ዴንማርኮች ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርሚ ፔይንተር በሚባል ድርጅት በኩል ወታደሩ ሙሉ በሙሉ ተነክሮ የሚራገፍበት ቡናማ ቫርኒሽ በጣሳ ይሸጣሉ። ጌምስ ወርክሾፕም በ2019 ኮንትራስት የተባለ፣ በአንድ ቅብ ጥላና ብርሃን የሚያወጣ ቀለም አመጣ። ሁለቱም የጀበናን ነገር ዞረው ዞረው ደርሰውበታል።

የእኔ ሥርዓት ግልጽ ነው። አቦል ለጥርስ ሥርና ለብብት፤ ቶና ለልብስ እጥፋት፤ በረካ ለቆዳ። ቡና ብቻውን ግን በተቀባ ፕላስቲክ ላይ እንደ ጤዛ በጎመን ቅጠል ተንከባሎ ይወርዳል። ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ሲገባበት ውጥረቱ ይሰበርና ይተኛል፤ ትንሽ ኮላ ሲጨመርበት ሲደርቅ ይያዛል። አንድም፣ ሳሙና የትሕትና ምሳሌ ነው፤ ያለ እርሱ አቦልም ቢሆን አናት ላይ ቆሞ ይቀራል።

እህቴ ጀበናዋን በዚህ ጉዳይ መጠቀሜን በሦስተኛው ቀን ደረሰችበት። የተናገረችውን ድርሳኑ አይሸከመውም።

የአርባዎቹን ሰዎች ነገር በሐዘን እገልጣለሁ። ልጁ ከጭቃ ሠርቶ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አደረቃቸው። ያማሩ ነበሩ። ነጭ ሳልቀባ፣ በችኮላ፣ በሰባቱ ላይ አቦል አፈሰስኩ። ጢማቸው አገጫቸው ላይ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወረደ፤ በመጨረሻ ሰባቱ ተያይዘው አንድ ጉብታ ሆኑ። ጉብታውን ይዤ ሸክላ ወደሚሠሩ አንዲት እናት ሄድኩ። እያገላበጡ አዩት፤ ፊታቸው ምንም አላሳየም። «ልጄ፣ ሳይተኮስ ቡና የሚቀርብለት ሸክላ የት አይተሃል?» አሉኝ። ከራሳቸው ማሰሮዎች ጋር ከሣርና ከእንጨት ሥር ቀብረው ተኮሱልን። ሰባቱ እንደገና ተሠርተው፣ አርባውም ጠንክረው ተመለሱ፤ ከቤት ግድግዳ የተረፈ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አቅጥነን ቀባናቸው። እኚህ እናት ስማቸውን አልጠቅስም፤ በዚህ ጉዳይ የተሳተፉ መሆናቸው እንዲታወቅ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ምዕራፍ ራብዕ፦ ስለ መፋቂያ

ጉብታው እንዲበራ የሚደረገው ደረቅ ብሩሽ በሚሉት ዘዴ ነው። ብሩሹ ደረቅ ከሆነ እንዴት ይቀባል ቢሉ፣ ቀለም ይነካና ጋዜጣ ላይ ይጠረጋል፤ «አሁንስ ምንም አልቀረበትም» እስኪባል ድረስ ይጠረጋል፤ ያኔ በቅርጹ ላይ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ቀለል አድርጎ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። የቀረችው ቅንጣት ቀለም ስርጉዱን አትደርስበትም፤ ጥርሱን፣ የጣቱን አንጓ፣ የመጥረቢያውን ስለት ብቻ ይዛ ትቀራለች።

ጥሩ ብሩሽ ለዚህ ሥራ ኃጢአት ነው፤ ጠጉሩ ያልቃል። ገበያ ሄጄ መፋቂያ ገዛሁ። ጫፉን ጥሩ አድርጎ ላኘከ ሰው መፋቂያ የተባረከ ደረቅ ብሩሽ ነው፤ ጠጉሩ ሸካራ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሲያልቅ ላጥ አድርጎ እንደገና ማኘክ። ሃያውን ጭራቅ ጠዋት ጥርሴን በምፍቅበት ጊዜ ልክ ጨረስኩ። የትኛው መፋቂያ የትኛው እንደሆነ ምልክት ማድረግ እንደሚገባ ከአባያ ተምሬ ነበርና በዚህ ረገድ ጥፋት አልደረሰም። አንድ ቀን ብቻ።

ምዕራፍ ኃምስ፦ ስለ ዱንጉዛ

አርባዎቹን ምን እናልብሳቸው በሚለው ላይ ጉባኤ አልተደረገም። የአገራችንን የሽመና ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ለበሱ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። የቀለም ብዛት ሠራዊትን ይበትናል፤ ሦስት ቀለም ያሰልፋል። ከነጩ ላይ ወገባቸውን በሙሉ ቢጫ፣ ከዚያ በብሩሹ ጎን አንድ ጊዜ ቀይ መስመር፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጥቁር። ከቅርብ ያየ ሸማኔ ያለቅሳል። ከክንድ ርቀት ያየ ግን የትኛው አገር ጦር እንደ መጣ ሳይጠይቅ ያውቃል። ጋቢያቸው ነጭ ሆኖ የቀረው ነጭ ቀለሙ ከመጀመሪያው ስለ ነበረ ነው፤ ያልተቀባ ነገር የተቀባ መስሎ ሲታይ የመሰለ ደስታ በዚህ ሙያ የለም።

ምዕራፍ ሳድስ፦ ስለ መቆሚያው

ኮላ፣ አሸዋ፣ በረካ። ዳሩን ጥቁር። ተፈጸመ።

ምዕራፍ ሳብዕ፦ ስለ ሣሩ

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ስድሳው ጠረጴዛ ላይ ቆመ። (አንድ ቅዳሜ ማለቴ የቅቡን ቀን ነው። ማድረቁ፣ መተኮሱ፣ ጋራዡ፣ ከእህቴ ጋር መታረቁ በድርሳን ሥርዓት ቅዳሜ አይባሉም።) ጎረቤት መጥቶ አየ። ሽሙጥ ይዞ የመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። ሃያው ጭራቅ በአንድ ዓይን፣ አርባው ሰው በሁለት ዓይን ተፋጥጠዋል። የጦር አሰላለፍን የሚመለከት አንድ ምዕራፍ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጭራቆቹ በቀኝ ይዞራሉ፣ ሰዎቹ ኮረብታውን ይይዛሉ፣ ወዘተ።

ልጁ ከጓዳ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ከተረፈው ጭቃ ሦስት ሽማግሌዎች ሠርቶ ነበር። አልተቀቡም፣ አልተተኮሱም። ተንበርክከዋል። እጃቸው ላይ እውነተኛ እርጥብ ሣር ሰክቶላቸዋል፤ በቁመታቸው ልክ። ወስዶ በሁለቱ ሠራዊት መሐል አኖራቸው።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገድለው፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። ልጁ ያኔ ገና ሕፃን ነበር፤ ታሪኩን ግን ሰምቶ ነው ያደገው። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ ጎሜ ነው፣ ክልክል ነው፤ ይህን ለካምባ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

«የጭራቆቹስ አገር ሕግ?» አልኩ፤ ምዕራፌ አሳዝኖኝ ነበር።

«ለእነሱም ጎሜ ነው» አለ።

ለንደን ያለችውን ዘመዳችንን በስልክ ጠየቅኋት፤ በጨዋታው ደንብ መጽሐፍ ስለ ሣር የተጻፈ ነገር የለም። ሠራዊቱ እንደ ተሰለፈ አደረ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምንም ሳልናገር አንዱን ሽማግሌ አንሥቼ ቁጭ አልኩ። ጋቢውን፣ ጥምጣሙን፣ በግንባሩ ላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች። ከምሳ እስከ ማታ ቡና አንዱ ብቻ ነው ያለቀው። ዓይኖቹን ሁለቱንም ቀባኋቸው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሣሩ ጠወለገ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አይቶት «አጎቴ፣ ሣሩ ደረቀ እኮ። አሁን ሊጀምሩ ነው?» አለኝ። መፋቂያዬን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁ፤ ከእንሰቱ ሥር፣ ውኃ ከሚወርድበት ቦታ፣ ሦስት ለጋ ሣር ቀነጠብኩ።